ጋፋት ላይ ጎጆ የቀለሱ እንግዶች



አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ስለ ጋፋት ንገረን» ነበር ያሉኝ። ለደብረ ታቦር ሰው ስለ ጋፋት መናገር ለቀባሪ ማርዳት እንዳይሆንብኝ ሰጋሁ። እዚያ የተሠራውን የሴባስቶፖልን መድፍ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። አዲስ አበባ የሄደም ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ምስሉን አይቶታል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ከዚህ ተነሥቶ መቅደላ እንዴት እንደደረሰ ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ስለዚህ የመድፉን ታሪክ ለእናንተው ትቼ፣ ዛሬ ወደ መድፍ ሠሪዎቹ ጓዳ ልግባ። ሚስቶቻቸው እነማን ነበሩ? ልጆቻቸው የት ደረሱ? ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሰው ቤተሰብ መሥርቶ በሰው አገር ሲቀመጥ ምን ያገኛል፣ ምንስ ይከፍላል?

የምለው ነገር አንድ ነው፤ ደጋግሜም እለዋለሁ። ሚሲዮናዊን በባዕድ አገር የሚያቆመው ቤተሰቡ ነው፤ የሚያሳስረውም ያው ቤተሰቡ ነው። ድንኳን ያለ ካስማ አይቆምም፤ ካስማው የተተከለበት ድንኳን ደግሞ እንደልብ አይነሣም። አፄ ቴዎድሮስ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። መጀመሪያ እነዚህ ሰዎች ለምን እንደመጡ፣ ቀጥሎ ጋፋት ላይ እንዴት ቤት እንደሠሩ፣ ከዚያ ቤቱ እንዴት መያዣ እንደሆነ፣ በመጨረሻም የት የት እንደተበተኑ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ ከአመጣጣቸው እንጀምር።

ከጋፋት ሰዎች በፊት የሞከሩ ነበሩ። ሳሙኤል ጎባ የተባለው የስዊስ ሰው በ1830 ጎንደር ገብቶ ከሊቃውንቱ ጋር ሲከራከርና ሲወያይ ቆየ። ወደ አገሩ ተመልሶ አገባና ከሚስቱ ከማሪያ ጋር ዳግመኛ መጣ። ሁለተኛው ጉዞ አልቀናም፤ ዓድዋ ላይ በሽታ አልጋ ላይ ጣለው፤ ሚስቱም ወንጌል ልታሰራጭ መጥታ በሰው አገር አስታማሚ ሆነች። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ደግሞ ሸዋ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ ሮዚነ ዲትሪሽን ግብፅ ላይ አገባና በምፅዋ በኩል ሊመለስ ሞከረ። ሮዚነ ከምፅዋ ወዲህ ባለው በረሃ ላይ ወለደች። የተወለደችው ሴት ልጅ ብዙ አልቆየችም። ስሟን «እንባ» ብለዋት ነበር፤ በአማርኛ ነው ያወጡላት። መንገዱ ስለተዘጋባቸው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወረዱ። በ1844 ሞምባሳ ላይ ሮዚነ ከሁለተኛ ልጇ ጋር በወባ ሞተች። ክራፕፍ ብቻውን ቀረ።

ይህን የተናገርኩት ላሳዝናችሁ ብዬ አይደለም። ጎባ በ1846 የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሲሆን ይህን ሁሉ ያውቅ ስለነበር ሌላ ዘዴ አሰበ። ቅስና የተማረ ሰው መላኩን ትቶ በእጁ ሥራ የሚያድር ሰው ለመላክ ወሰነ። ባዝል አጠገብ ያለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት አናጢውን፣ ግንበኛውን፣ አንጥረኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እያስተማረ ያወጣ ነበር። እነዚህ ሰዎች አገሩ ገብተው በሙያቸው እያደሩ፣ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እያደሉ፣ ኑሯቸውን ስብከት እንዲያደርጉት ነበር ሐሳቡ። በ1855 ክራፕፍ ወጣቱን ማርቲን ፍላድን አስከትሎ አዲስ ከነገሡት ከአፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ቀረበ። ንጉሡም የእጅ ባለሙያ እንጂ ሰባኪ እንደማይፈልጉ ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። በዓመቱ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንስለን መጡ፤ ቆየት ብለው ቫልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጎባ ሙያውን ለወንጌል መግቢያ አደርገዋለሁ ሲል፣ ቴዎድሮስ ደግሞ ወንጌሉን ለሙያው መግቢያ አደርገዋለሁ አሉ። ሁለቱም አስተዋይ ነበሩ። እዚህ ያሉት ግን ቴዎድሮስ ነበሩ፤ ጎባ ኢየሩሳሌም ነው።

አሁን ወደ ጋፋት ልሻገር። ዛሬ ረዘም አድርጌ የምቆይበት ነጥብ ይህ ነው።

ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን እንውሰድ። በ1832 የተወለደ የስዊስ ልጅ ነው። እዚህ ሲመጣ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ የነበረ ወንደላጤ ነው። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ነበር፤ ጆን ቤል ይባላል። እናንተ ግን በሊቀ መኳስ ዮሐንስነቱ ታውቁታላችሁ። ቤል አገሩን ጨርሶ የረሳ ሰው ነው፤ ወይዘሮ ወርቅነሽን አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ በ1860 ለቴዎድሮስ ሲዋጋ ሞተ። ከልጆቹ አንዷን የውብዳርን፣ በፈረንጅ ስሟ ሱዛንን፣ ቫልድማየር አገባት። ዛልሙለርም የቤልን ሌላ ልጅ አገባ። የጋብቻውን ጠቀሜታ አስቡት። አንድ ሚሲዮናዊ በአንድ ጊዜ የንጉሡ ባለሟል የነበረ ሰው አማች፣ የአገሬው ዘመድ፣ ባለቤትና ባለጎጆ ሆነ። ሰርጉ ፍቅር ነበረበት ወይስ ፖለቲካ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሁለቱም ነው እላለሁ፤ በዚያ ዘመን የማን ሰርግ ነው ፖለቲካ ያልነበረበት?

ለፈረንጁ ይህች ሴት ምን እንደሆነችለት እንመልከት። በአገሩ ደንብ ለማን መቆም፣ ከማን ፊት መጎንበስ፣ ለየትኛው መልእክተኛ ምን ማቅረብ እንደሚገባ እሷ ታውቃለች። ንጉሡን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ጾም ሲገባ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚበላና እንደማይበላ ታውቃለች፤ ይህ ለሚሲዮናዊ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሰፈሩ ሁሉ ጾም እየተያዘ ከአንድ ቤት የሥጋ ሽታ ቢወጣ፣ ያ ሰው ምንም ዓይነት ወንጌል ቢያነብ ማን ይሰማዋል? በሚሲዮን ታሪክ ውስጥ ሰባኪው ይጻፋል፤ ጓዳውን ያስተካከለችው አትጻፍም። በእኔ ግምት ጋፋትን ጋፋት ያደረጓት እነዚህ ሴቶች ናቸው።

ሞሪትዝ ሆልም አለ። ከፖላንድ የመጣ፣ ትውልዱ አይሁዳዊ የሆነ፣ ክርስትና የተቀበለ ሰው ነው። እሱ ያገባት ወለተ ኢየሱስን ነው፤ አባቷ በደጃዝማች ውቤ፣ በኋላም በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ሳንደር ነው፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። እንግዲህ ጋፋትን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሏት፦ ጀርመን፣ ስዊስ፣ ፖላንዳዊ፣ ፈረንሳዊ፤ ሚስቶቹ ግማሾቹ የአገር ልጆች፤ ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው ጋር በአማርኛ የሚያወሩ፤ ከጎን ደግሞ ማንበብና እጅ ሥራ የሚማሩ የአገሬው ብላቴኖች። መንገድ ይጠርጋሉ፣ ሠረገላ ይሠራሉ፣ ጠመንጃ ይጠግናሉ።

ከዚያ መድፉ መጣ። «መድፍ ቀልጦ ይሠራልኝ» አሉ ቴዎድሮስ። «እኛ ይህን ሥራ አናውቅም» አሉ ሰዎቹ። እውነታቸውን ነበር፤ ከመካከላቸው መድፍ አቅልጦ የሚያውቅ አልነበረም። ንጉሡ ግን ሰዎቹን ሳይሆን አሽከሮቻቸውን አሳሰሩ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ቤት የሌለው ሰው አሽከር የለውም፤ አሽከር የሌለውን ሰው በአሽከሩ ማስፈራራት አይቻልም። ቤት በሠሩ ቁጥር ንጉሡ የሚይዙበት እጀታ እየበዛ ሄደ። ሰዎቹ «እንሞክራለን» አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ደጋግመው ሞከሩና ተሳካ፤ ሽልማቱም ሆነ ክብሩ ጎረፈ። በዚህ ዓይነት ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች መድፍ ሠሪ ሆነው ቀሩ።

አንዳንድ ጸሐፊዎች እነዚህን ሰዎች ለጥቅም ሲሉ ጥሪያቸውን የሸጡ ያደርጓቸዋል። ፍርዱ የቸኮለ ይመስለኛል። ሚስቱ እርጉዝ የሆነች፣ አሽከሩ የታሰረ፣ ወደ ምፅዋ የሚወስደው መንገድ የተዘጋበት ሰው «አልሠራም» ለማለት ያለውን አቅም ፈራጁ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሊለካው አይችልም።

ፍላድ ግን ሌላ መንገድ ያዘ፤ ወደ ሦስተኛው ነጥብ የምገባውም በእሱ በኩል ነው።

ማርቲን ፍላድ ሚስቱን ያገኘው ኢየሩሳሌም ነው። ፓውሊነ ኬለር ትባላለች፤ ካይዘርስቬርት በተባለው የጀርመን የዲያቆናዊት ማኅበር የሠለጠነች ነርስ ናት። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ነርስነት የተማረችው እዚያው ነው። ባልና ሚስቱ ደምቢያ ውስጥ ጀንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ሥራቸውም በቤተ እስራኤል መካከል ሆነ። ንጉሡና አቡነ ሰላማ የፈቀዱላቸው በአንድ ውል ነበር፦ የሚያምን ቢገኝ የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ሚሲዮኑ ይሰብካል፣ አጥማቂው ግን ሌላ ነው።

የጀንዳን ነገር በአንድ ወገን ብቻ ብነግራችሁ ግማሽ ታሪክ ይሆናል። ለፍላድ ቤተሰብ ጀንዳ ኑሮ ነው፤ ለቤተ እስራኤል ካህናትና መነኮሳት ግን ሃይማኖታቸውን የሚሸረሽር ጎረቤት ነው። በ1862 አባ ማህሪ የተባሉት መነኩሴ ሕዝባቸውን አስከትለው ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ተነሡ። ብዙዎች በረሃብና በበሽታ በመንገድ አለቁ፤ ባሕሩም አልተከፈለም። የጉዞው ምክንያት ሚሲዮን ብቻ አልነበረም፤ ግን አንዱ እሱ ነው። አንዱ ቤተሰብ ሲሰፍር ሌላው ሲነቀል ነበር። የዚያ ዘመን ስብከት ጣጣ ዛሬም አላለቀም፤ ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉ ቤተሰቦች ጎንደርና አዲስ አበባ ተቀምጠው ወደ እስራኤል ለመሄድ ፈቃድ ሲጠብቁ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ታውቃላችሁ።

ወደ ፍላድ ቤት እንመለስ። ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጥቶ፣ ሚሲዮናዊው ስተርንና ቆንስል ካሜሮን መታሰራቸውን፣ ሆርሙዝ ራሳም ሊያስፈታ መጥቶ እሱም መያዙን ሁላችሁም ስለምታውቁት እዘለዋለሁ። በ1866 ሚያዝያ ላይ ንጉሡ ወደ እንግሊዝ የሚላክ ሰው ፈለጉ። ባለሙያና መሣሪያ እንዲመጣላቸው ነው። ፍላድን መረጡ። ፓውሊነና ሦስቱ ልጆች ግን እዚህ ይቀራሉ።

ልብ በሉ፣ ለመልእክተኛው ጠባቂ ወታደር ማስከተል አላስፈለጋቸውም። ምፅዋ፣ ስዊዝ፣ ለንደን ቢደርስ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ኦዝቦርን በተባለው ቤተ መንግሥት ንግሥቲቱ ፊት ቢቀርብ፣ ሰውዬው የታሰረው እዚህ ነው። እንግሊዞች ባለሙያዎቹንና ዕቃውን እስከ ምፅዋ ላኩ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን ወደ ላይ አይወጡም ብለው እዚያው አቆሙ። ፍላድ ይህን መልስ ይዞ፣ ጦርነት እንደማይቀር እያወቀ፣ በ1867 ተመለሰ። ያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የነበረ ወዳጅ ሁሉ «አትሂድ» ቢለው አይገርምም ነበር። እሱ ግን መጣ፤ ገብቶም እንደሌሎቹ እስረኛ ሆነ።

ስለ ፍላድ ጀግንነት ብዙ ይባላል። እኔ የማደንቃት ፓውሊነን ነው። ባል ቢመለስም ባይመለስም ሦስት ልጆች ይዛ፣ ንጉሡ በየቀኑ ጠባያቸው በሚለዋወጥበት ዓመት፣ አገሩ በዐመፅ እየተናጠ፣ አንድ ዓመት ያህል መያዣ ሆና ተቀመጠች። መያዣ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለደብረ ታቦር እናት ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ስንቃችሁን ለልጅ አስቀምጣችሁ በር በር ያያችሁበት ቀን አለ።

በ1867 ጥቅምት ላይ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። እነዚህ ቤተሰቦችም ጎጇቸውን ጥለው ከሠራዊቱ ጋር ሄዱ። ጉዞው እስከ 1868 መጋቢት ቆየ። ባሎቹ መንገድ ይጠርጋሉ፣ መድፉን ይጎትታሉ፤ እናቶቹ ልጆች ይዘው በድንኳን ከሰፈር ሰፈር ይከተላሉ። የጅዳን ገደል ያየ ሰው ሰባት ቶን ብረት በዚያ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ሕፃን አዝሎ በዚያ መውረድ መውጣትስ? ለብረቱ ሐውልት አለ፤ ላዘሉት የለም።

አራተኛው ነጥብ፣ ከመቅደላ በኋላ ያለው ነው። ቴዎድሮስ በ1868 ሚያዝያ 13 ቀን ከሞቱ በኋላ የእንግሊዙ የናፒየር ጦር አውሮፓውያኑን ከነሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ይዞ ወጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ፤ እስከዚያ ድረስ ስደተኞቹ ባሎቹ ነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ ስደተኞቹ ሚስቶቹ ሆኑ።

የውብዳር ከባሏ ጋር ሊባኖስ ገባች። ዛሬ ሊባኖስ ሲባል ለእኛ ለቤት ሥራ የሄዱት እህቶቻችን ናቸው የሚታወሱን፤ ከነሱ ከመቶ ዓመት በፊት አንዲት የበጌምድር ቤተ መንግሥት ልጅ እዚያ ቤት መሥርታ እንደኖረች የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቫልድማየር በ1873 ከቤሩት በላይ ባለው ተራራ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ጀመረ። የደገፉት ክዌከሮች ናቸው፤ እሱም ማኅበራቸውን ተቀላቀለ። ክዌከሮች ጦር መሣሪያ መያዝን በሃይማኖት የሚከለክሉ ክርስቲያኖች ናቸው። የጋፋት መድፍ ሠሪ ጠመንጃ የማይነኩ ሰዎች ማኅበር ውስጥ ገባ! ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። ቫልድማየር በስተርጅናውም የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ታስረው በዋሻ ሲያዙ አይቶ፣ በ1896 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቋቋም አደረገ። አስፉሪዬ ይባል ነበር፤ በ1900 ሥራ ጀመረ፤ በመካከለኛው ምሥራቅ በዘመናዊ መልክ ከተቋቋሙት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ሰንሰለት ምን እንደሚያደርግ ከማንኛውም የአውሮፓ ሐኪም ይበልጥ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እዚህ አይቶታል።

የሆል ቤተሰብ ጃፋ ላይ ሰፈረ። በ1868 መቅደላ ላይ የተወለደችውን ልጃቸውን ማግዳሌና አሏት። ኋላ ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የተባለ ከሩሲያ የመጣ ባላባት አገባት። ፒተር ኡስቲኖቭን በፊልም የምታውቁት ትኖራላችሁ፤ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ የሷ የልጅ ልጅ ነው። ወንድሟ ዴቪድ ሆል ደግሞ ኢትዮጵያ ተመልሶ የመንግሥት አማካሪ ሆነ፤ በ1935 ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ ለንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያ ሊያፈላልግ በርሊን የሄደው እሱ ነው። አባት ለቴዎድሮስ መድፍ ሠራ፤ ልጅ ለኃይለ ሥላሴ ጠመንጃ ሊገዛ ሄደ።

ፍላዶች ጀርመን ኮርንታል ገቡ። ክራፕፍም በ1881 የሞተው እዚያው ነው። ፍላድ እስከ 1915 በሕይወት ኖረ፤ ሥራውን ከሩቅ ሆኖ ቢመራም፣ በኢትዮጵያ ተቀምጦ እንዲሠራ ዳግመኛ አልተፈቀደለትም። በቦታው የሠራው ከቤተ እስራኤል የተወለደው፣ በልጅነቱ ፍላድ ቤት ያደገው፣ በኋላም ቅዱስ ክሪሾና የተማረው ሚካኤል አረጋዊ ነው። እስከ 1931 አገልግሏል። የፍላድ ቤት በኢትዮጵያ የቀጠለው በዚህ ባሳደገው ልጅ ነው፤ ሚካኤል ግን ከአንድ ጠባብ የተመራማሪዎች ክበብ ውጭ ስሙ አይነሣም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለአንድ ጥያቄ ነው። ጋፋትን ለእንግዳ ስታስጎበኙ ምን ትነግሩታላችሁ? የምድጃውን ቦታ ታሳዩታላችሁ፤ የቴዎድሮስን ሕልም ትነግሩታላችሁ፤ ያም ይገባል። ከዚያ ጋር ግን የወርቅነሽን፣ የየውብዳርን፣ የወለተ ኢየሱስንና የፓውሊነን ስም በአንድ ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው። የታሪክ መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ወደ ጋፋትና ወደ አካባቢው ሽማግሌዎች ላኩ፤ የእነዚያ አሽከሮችና የእነዚያ ብላቴኖች ዘሮች እዚሁ አሉ፤ በየቤቱ የሚነገረው ሳይጠፋ ይጻፍ።

 ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ በተለይ ከጋፋት የመጡ ካሉ ቅድሚያውን ለእነሱ ስጡልኝ።